ጎርፍ 98 የሚባለው ፎልደር

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳሰነች ምድር ላይ ሲተኛ ከ360 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ከብት በውሃው ተወሰደ፤ የተረፈውም በውሃ ተከቦ ቀረ። በዚያ ሰሞን ከጂንካ ወደ ኦሞራቴና ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳም ወደ ጂንካ በኢሜይል ይጻጻፉ ከነበሩት መካከል አንድ የእንስሳት ሐኪም አሉ። ከየትኛው ቀበሌ ስንት ከብት እንዳለቀ፣ ለተረፈው ስንት ዶዝ ክትባት እንደተጠየቀ፣ ማን መቼ ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ሁሉንም አስቀምጠዋል። እኚህ ሰው ደብዳቤ አይጥሉም።

ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቷል። ቢሯቸው ውስጥ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የጎርፉን ደብዳቤዎች አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስበው «ጎርፍ 98» ብለውታል። ከሱ በታች «ገንዲ» አለ፤ የቆላ ዝንብ በሚያመጣው የከብት በሽታ ላይ የተጻጻፉት ነው። «ክትባት» አለ። «ቀይ አፈር» አለ። «ኛንጋቶም» አለ። የሥራ ዘመናቸው በላፕቶፑ ስክሪን በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ይታይ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደውሎልኝ ስሄድ ግን በዚያ ቦታ የቀሩት ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው፤ ኢንቦክስና ትራሽ። ሁለቱም ባዶ።

«ሁሉም ሄደ ልጄ» አሉኝ ጋሼ።

«መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ ነበሩ።»

ከጎናቸው የቆመችው ወጣት ባለሙያ ሳልጠይቃት ተናገረች። «እኔ ነኝ የነካሁት። ሲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ሞልቶ ቀይ ሆኖባቸው ነበር። ዲ ላይ ሰፊ ቦታ ስላለ ደብዳቤው የሚቀመጥበትን ቦታ ወደ ዲ ቀየርኩት። ዝጊና ክፈቺ አለኝ። ዘግቼ ስከፍተው ይኸው።»

ላፕቶፑ ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም ተንደርበርድ ነው፤ ሞዚላ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ ያወጣው በ1997 ዓ.ም. ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ በየአካውንቱ ቅንብር ግርጌ «ሎካል ዳይሬክተሪ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ የዚህ ሰው ደብዳቤ ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው እዚህ ነው ይላል። ልጅቷ የቀየረችው እሱን ነው። ዲ ላይ አዲስ ፎልደር ከፍታ ያንን መረጠች። አሳቧ ደግ ነው፤ ቃሉንም ማንም ሰው በተረዳው መንገድ ነው የተረዳችው። «ማስቀመጫውን ቀይር» ሲባል ዕቃው አብሮ ይጓዛል ብሎ የማያስብ ሰው የለም።

ጋሼ ጥያቄ ነበራቸው። «ኢሜይል አይደለም እንዴ? ኢንተርኔት ላይ የለም?»

የሳቸው የለም። ለምን እንደሌለ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዛሬ ኢሜይሉን በስልክ የሚከፍት ሰው በአብዛኛው የሚያየው ሩቅ ቦታ ባለ ሰርቨር ላይ ያለውን ዋናውን ደብዳቤ ነው። አይማፕ የሚባለው አሠራር እንዲህ ነው፤ ስልኩ ቢሰበር ደብዳቤው ይኖራል። ከሱ በፊት የነበረውና ዛሬም ያልሞተው ፖፕ ግን ደብዳቤውን ከሰርቨሩ አውርዶ በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ቅጂ ተው ካልተባለ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል። መስመር በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ በረከት ነበር። ኢንተርኔት ለአፍታ ሲመጣ ደብዳቤውን ታወርዳለህ፣ ሲጠፋ ተረጋግተህ ታነበዋለህ፣ መልስህን ጽፈህ የሚቀጥለውን አፍታ ትጠብቃለህ። አገራችን ውስጥ ኢሜይል የተጀመረውም በዚሁ መንፈስ ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በይፋ ከመግባቱ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ የተጠራቀመ ደብዳቤ በስልክ መስመር ይልክና ይቀበል ነበር። ደብዳቤው ተከማችቶ ይጠብቃል፣ ስልኩ ሲደወል ይሄዳል፣ ከደረሰ በኋላ መኖሪያው የተቀባዩ ዲስክ ነው። ጋሼ ኢሜይል የለመዱት በእንዲህ ያለው ዘመን ጫፍ ላይ ነው፤ አካውንታቸውም ፖፕ ሆኖ ቀርቷል። እንግዲህ ደብዳቤዎቹ በዓለም ላይ ያሉበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ላፕቶፕ።

ልጅቷ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ሶፍትዌር ለማውረድ ተዘጋጅታ ነበር። አስቆምኳት። እውነት ፋይሎቹ ተደምስሰው ከሆነ፣ በዲስኩ ላይ የሚጻፍ ማንኛውም አዲስ ነገር እነሱ በነበሩበት ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ መድኃኒቱ ራሱ በሽተኛውን የሚገድልበት ጊዜ አለ። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር በእርግጥ መደምሰስ አለመደምሰሳቸው ነው።

«እስቲ ሲን አሳዪኝ» አልኳት።

ከፈተችው። ቀይ ነው። ልክ እንደ ትናንቱ ቀይ።

የመጀመሪያው ፍንጭ ይኸ ነበር፤ በሦስታችንም ፊት ተቀምጦ ማንም አላየውም። የዓመታት ደብዳቤ ከነአባሪው ቢደመሰስ፣ ወይም ወደ ዲ ተጉዞ ቢሆን፣ ሲ ላይ ቦታ ይለቀቅ ነበር። አልተለቀቀም። ዲ ላይ ያለውን አዲሱን ፎልደር ስንከፍተው ደግሞ ያለው ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ፕሮግራሙ ባዶ ቤት ሲያገኝ የፈጠራቸው ባዶ ፋይሎች። ስለዚህ ደብዳቤዎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ፕሮግራሙ ነው ፊቱን ያዞረው።

«ታዲያ የት ናቸው?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ትንሽ ተስተካክሏል።

ተንደርበርድ የራሱን ጓዝ የሚያስቀምጥበት ቦታ ከተጠቃሚ ዓይን የተሰወረ ነው። ዊንዶውስ በተጠቃሚው ስም ሥር «አፕዳታ» የሚባል ፎልደር አለው፤ ሰው ሳያውቅ እንዳይነካው ተብሎ ተደብቋል። ከሱ ውስጥ «ሮሚንግ»፣ ከሱ ውስጥ «ተንደርበርድ»፣ ከሱ ውስጥ «ፕሮፋይልስ» አለ። በመንገዱ በእጅ መጓዝ አያስፈልግም፤ በፕሮግራሙ የእርዳታ ዝርዝር ውስጥ ስለ ችግር መፍቻ መረጃ የሚለውን ከፍቶ «ኦፕን ፎልደር» ማለት ይበቃል። እዚያው አጠገብ «ፕሬፍስ» የሚባል የጽሑፍ ፋይል ይገኛል። ፕሮግራሙ ስለራሱ የሚያውቀው ሁሉ በመስመር በመስመር የተጻፈው እዚያ ነው። አየነው። የጋሼ አካውንት የሚቀመጥበት ቦታ በሚለው መስመር ላይ ዲ ተጽፏል። የተለወጠው ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ «ሜይል» ወደሚለው ፎልደር ገባን። በቀድሞው ሰርቨር ስም የተሰየመው ፎልደር እዚያው አለ። ከፈትኩት።

ኢንቦክስ አለ፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ ነው። የተላኩት አሉ። ልጅቷ በእፎይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉና ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ስሞቼ የሉም» አሉ።

የሉም። ጎርፍ የለም፣ ገንዲ የለም፣ ክትባት የለም። በስማቸው ፋንታ ያለው በቁጥርና በእንግሊዝኛ ፊደል የተቀላቀሉ፣ ስምንት ስምንት ምልክት ያላቸው ትርጉም የለሽ ስሞች ናቸው። በዊንዶውስ መፈለጊያ «ጎርፍ» ብለን በአማርኛ ጻፍን። ምንም። «ክትባት» አልን። ምንም። ልጅቷ እነዚያ ስምንት ምልክቶች ቫይረስ እንዳይሆኑ ፈራች፤ ፍርሃቷ አልገረመኝም፤ ላየው ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው።

አንዱን ወደ ፍላሽ ገልብጬ ቅጂውን በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ከፈትኩት። ዋናውን መንካት አልፈለግሁም። ተንደርበርድ በተለመደው አሠራሩ አንድን ፎልደር በአንድ ረጅም የጽሑፍ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው፤ ደብዳቤ ተከትሎ ደብዳቤ፣ እስከ መጨረሻው። አሠራሩ ኤምቦክስ ይባላል፤ ከዩኒክስ ዘመን የመጣ ነው። አባሪ ሥዕሉ ሳይቀር በፊደል ተለውጦ እዚያው ይገባል። ስለዚህ ማንበብ ይቻላል ብዬ ነበር። የላኪውን አድራሻ አነበብን፣ ቀኑን አነበብን። ርዕሱ ላይ ስንደርስ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ዝርግፍግፍ ሆነብን። በቀጣዩ ደብዳቤም እንደዚያው። በቀጣዩም።

ቆይቶ ልጅቷ «ሁሉም ለምን በአንድ ነገር ይጀምራል?» ብላ ጠየቀች።

እውነቷን ነው። በአማርኛ የተጻፈ ርዕስ ያላቸው ደብዳቤዎች በሙሉ፣ የኮዱን መግቢያ ካለፍን በኋላ፣ የሚጀምሩት በአራት ቁጥርና ዋይ በምትባለው ትልቋ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አራት ዋይ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ምልክት፤ ደግሞ አራት ዋይ፣ ሌላ ሁለት ምልክት። ወረቀት አውጥተን አሰላነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በሚባለው እትም ነው፤ በተሰጠው ቦታ የተነሣም በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የመጀመሪያው ባይት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ድረስ ሳይለወጥ ኢ1 ነው። ሁለተኛውም በስምንት ይጀምራል። ኢሜይል ሰርቨሮች ደግሞ ጥንት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንዲያልፍባቸው ሆነው የተሠሩ ስለነበሩ፣ ያንን ሦስት ባይት ላኪው ፕሮግራም ቤዝ 64 በሚባል ዘዴ ወደ አራት ተራ ምልክት ይለውጠዋል። ኢ1ን ከስምንት ጋር ይዘህ ስትለውጠው ሁልጊዜ የሚወጣው አራትና ዋይ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ስናገኝ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። የተዝረከረከ የሚመስለው ሁሉ የኛው ፊደል ነበር፤ ሌላ ልብስ ለብሶ።

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። «እንግዲያውስ ደብዳቤዎቼ ደህና ናቸው።»

ደህና ናቸው። ስማቸው ግን አሁንም የለም።

ልጅቷ በዚህ መሃል ከሆነ ቦታ የሰማችውን ምክር አቀረበች፤ ከእያንዳንዱ ፋይል አጠገብ ያለችውን ትንሽ ፋይል አጥፍቶ ፕሮግራሙን መክፈት። ምክሩ በራሱ ስሕተት አይደለም። በየደብዳቤ ፋይሉ ጎን ኤምኤስኤፍ የሚል ቅጥያ ያላት ትንሽ ፋይል አለች፤ ማውጫ ናት። የትኛው ደብዳቤ ከፋይሉ የት ቦታ እንደሚጀምር፣ የትኛው እንደተነበበ ትይዛለች። ብትጠፋ ፕሮግራሙ ትልቁን ፋይል እንደገና አንብቦ ሌላ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ለተበላሸ ፎልደር መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ «ሪፔር ፎልደር» የሚለውም ትእዛዝ ማውጫውን እንደገና የሚሠራ ነው። እኔ ግን ስምንቱ ምልክቶች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ምንም እንዲጠፋ አልፈለግሁም። ከማውጫዎቹ የአንዷን ቅጂ ከፈትኩ።

ለሰው ዓይን የተሠራ ጽሑፍ አይደለም፤ ቅንፍና ቁጥር ብቻ ይመስላል። ኢ1ን ካወቅን በኋላ ግን ዓይናችን እሱን ፈለገ። ከመካከሉ አንድ ቦታ ላይ ኢ1፣ 8ሲ፣ 8ኢ ይላል። ቀጥሎ ኢ1፣ 88፣ ኤዲ። ቀጥሎ ኢ1፣ 8ዲ፣ 8ዲ። ሦስት ፊደል ነው። ሰንጠረዡን በስልኬ ከፍቼ አንድ በአንድ ፈታኋቸው፤ ልጅቷ ጻፈች። ጎ። ር። ፍ።

ጋሼ ስሙ ሳያልቅ «98» ብለው ጨረሱት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሼ እነዚህን ፎልደሮች በአማርኛ የሰየሙት ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአሮጌ ቅጂ ላይ ነው። ያኔ ፕሮግራሙ፣ ኮምፒውተሩ በተዘጋጀበት የፊደል ገበታ ሊጻፍ የማይችል ስም ሲሰጠው ስሙን ፋይሉ ላይ አይጽፈውም፤ በስሌት አሳጥሮ ስምንት ምልክት ያደርገውና እውነተኛውን ስም በማውጫዋ ውስጥ ያኖረዋል። ስክሪን ላይ ሁልጊዜ «ጎርፍ 98» ሆኖ ሲታይ የኖረው ከዚያች ትንሽ ፋይል እየተነበበ ነው። ኮምፒውተር ሲቀየር ፋይሉ ከነስምንት ምልክቱ ተገልብጦ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ደረሰ። ማውጫዋ ብትጠፋ ደብዳቤው አይነካም፤ ስሙ ግን ከዓለም ይጠፋል። ለእንግሊዝኛ ስም ጉዳት የሌለው ምክር ለአማርኛ ስም ጉዳት አለው። ይህ ልዩነት በደንብ መታወቅ ያለበት ይመስለኛል፤ ፎልደሩን በራሱ ቋንቋ የሰየመ ሰው አገራችን ውስጥ ብዙ ነው።

ይህን ሳስረዳ ጋሼ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «እንደ ኪቢሹ ነዋ» አሉ።

ኛንጋቶም ምድር ላይ ለዓመታት ስለሠሩ ታሪኩን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ ከኬንያ የመጣ ቡድን በታችኛው ኦሞ፣ ኪቢሽ በሚባለው አካባቢ፣ ኦሞ 1 እና ኦሞ 2 የተባሉትን የጥንት ሰዎች አጥንት አገኘ። አጥንቶቹ ተሰብስበው ተወሰዱ፤ ተጠኑ፤ ተጻፈባቸው። ዕድሜያቸው ግን ክርክር ሆኖ ቀረ። ከዛጎል በተወሰደ ልኬት 130 ሺህ ዓመት ተብሎ ነበር፤ ዛጎል ለእንዲህ ያለ ልኬት የሚታመን ነገር አይደለም። ትክክለኛውን ለማወቅ አጥንቱ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ፣ ከበላዩና ከበታቹ ምን የእሳተ ገሞራ አመድ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ቦታው ላይ መቆም የግድ ነው። በ1967 እንደ ዛሬው በሳተላይት ቦታን መለየት አልነበረም። ኮረብታው የትኛው እንደነበር ሳይለይ 30 ዓመት አለፈ።

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ጆን ፍሊግል፣ ዘላለም አሰፋ፣ ፍራንክ ብራውንና ባልደረቦቻቸው ወደ ኪቢሽ ተመለሱ። በዘፈቀደ መቆፈር አልጀመሩም። የ1967ቱን ፎቶግራፎችና ፊልም ይዘው፣ በሥዕሉ የሚታየውን የኮረብታ ቅርጽ ከፊታቸው ካለው ጋር እያስተያዩ ሄዱ። ቦታዎቹንም አገኟቸው። እዚያው ላይ ተጨማሪ አጥንት አገኙ፤ ከመካከሉ አንዱ የጭን አጥንት ስባሪ በ1967 ከተወሰደው ስባሪ ጋር ገጠመ። ቦታው ያ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር ማስረጃ ሊኖር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2005 ዕድሜው ወደ 195 ሺህ ዓመት ከፍ አለ፤ በ2022 ደግሞ የአመዱ ምንጭ ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር ተያይዞ ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ዓመት ደረሰ።

«አጥንቱ ሙዚየም ነበር፤ ዕድሜው ግን እዚያው ኮረብታ ላይ ቀርቶ ነበር» አሉ ጋሼ። ከዚህ የተሻለ አባባል እኔ የለኝም። ደብዳቤውን ይዘን ስሙን ብንጥለው ኖሮ ግማሹን እንጥል ነበር፤ ምክንያቱም የጋሼ ፎልደር ስም የደብዳቤው ንብርብር ነው። «ጎርፍ 98» ውስጥ ያለ የክትባት ጥያቄ «ክትባት» ውስጥ ካለው የክትባት ጥያቄ ጋር አንድ አይደለም። የጎርፉ ሰሞን ክትባት የተጠየቀው ከውሃ ለተረፈ ከብት ነው፤ ይህን የሚናገረው ደብዳቤው ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ወደ ሥራው ተመለስን። ያገኘነውን ስም ሁሉ በወረቀት ላይ አሰፈርን፤ በአንድ በኩል ስምንቱ ምልክት፣ በሌላ በኩል የአማርኛው ስም። ልጅቷ ሰንጠረዡን ለምዳ ከሦስተኛው በኋላ ሥራውን ከኔ ተረከበች። ገንዲን እሷ ናት የፈታችው።

ማዛወሩ ራሱ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይጠበቅ። ተንደርበርድ ተዘጋ፤ ክፍት እያለ መገልበጥ አይሆንም፣ ፋይሎቹን ይዟቸዋልና። ከዚያ ሁሉም በአንድነት ተገለበጠ፤ ትልልቆቹ ፋይሎች፣ ትንንሾቹ ማውጫዎች፣ ንዑስ ፎልደሮችን የያዙት ኤስቢዲ የሚል ቅጥያ ያላቸውም ጭምር። ቢሮው ውስጥ የነበረው ፍላሽ ለመጠባበቂያ ቅጂ አልሆነም። ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ነበር፤ በዚያ ፎርማት አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መድረስ አይችልም፣ ኢንቦክሱ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ኤንቲኤፍኤስ የሆነ የውጭ ሃርድ ዲስክ ከቤት አመጣሁ። መብራት መሃል ላይ ሄዶ ተመለሰ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ያዘልን። አንድ ቅጂ በውጭ ዲስኩ፣ አንድ ቅጂ በዲ ላይ ካረፈና መጠናቸው ከዋናው ጋር እኩል መሆኑን ካየን በኋላ ነው ፕሮግራሙን የከፈትነው። በሎካል ዳይሬክተሪ መስመር ላይ የመረጥነው አሁን ባዶውን ሳይሆን ደብዳቤዎቹ ያሉበትን ፎልደር ነው። ተዘግቶ ተከፈተ።

ስሞቹ አንድ በአንድ ወጡ። ኛንጋቶም፣ ቀይ አፈር፣ ክትባት፣ ገንዲ፣ ጎርፍ 98።

ፕሮግራሙ ወዲያው ቦታ ለመቆጠብ ፎልደሮቹን ልጭመቅ ወይ ብሎ ጠየቀ። እምቢ አልን። በኤምቦክስ አሠራር ደብዳቤ ሲደመሰስ ከፋይሉ አይወጣም፤ ግንባሩ ላይ ምልክት ይደረግበትና ከዝርዝሩ ይሰወራል። ከፋይሉ የሚወጣው ኮምፓክት ሲደረግ ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ ከጎርፉ በኋላ ከኦሞራቴ የተጻፈላቸውን አንድ ደብዳቤ በችኮላ ደምስሰውት እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። በቅጂው ላይ ፈለግነው። ፎልደሩ ተጨምቆ ስለማያውቅ ደብዳቤው አለ፤ የሁኔታ መግለጫ መስመሩ ላይ 0009 የሚል ተጽፎበታል፤ ተነቧል፣ ተደምስሷል ማለት ነው። 0001 አደረግነው፤ ስሙን በወረቀት ስለያዝን የዚያን ፎልደር ማውጫ ያለ ሥጋት እንደገና አሠራነው። ደብዳቤው ከነቀኑ በቦታው ቆመ።

ጎርፍ 98ን ስንከፍት ሌላ ነገር አየን። በአራትና ዋይ ብንፈልገው ኖሮ ይህን ፎልደር በጭራሽ አናገኘውም ነበር። በ1998 ዓ.ም. ጋሼም ሆኑ ይጽፉላቸው የነበሩት ሰዎች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፉት። የኛ ፊደል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ በወጣው ቪስታ ነው። ለሪፖርት የሚሆነው ደግሞ በፓወር ግዕዝ ተተይቦ እንደ አባሪ ይላካል፤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ምልክት ክምር ይሆናል። አንዱን ሪፖርት ከፍተን አየነው፤ እንደዚያው ነው። ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ስላለ የሚፈታ ችግር ነው፤ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ጋሼ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛውን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር፤ የቀበሌ ስም፣ የከብት ቁጥር፣ የጀልባ ጥያቄ። ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ የተላኩት ያኔ ሐዋሳ ለነበረው የክልል ቢሮ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያ ክልል የለም፤ ጂንካ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሆናለች፣ የአስተዳደሩም መቀመጫ ወላይታ ሶዶ ነው። ስለዚያ ጎርፍ ማን ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት ነገ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ የጋሼ ላፕቶፕ ሳይጠየቅ አይታለፍም።

አንድ ፋይል ቀረ። ስምንት ምልክት አለው፣ መጠኑም ትንሽ አይደለም፤ ማውጫ ግን የለውም። ከአሮጌው ኮምፒውተር ሲገለበጥ ሳይቀር አይቀርም። ፕሮግራሙ ከፍቶታል፤ በአማርኛ ስም ፋንታ ግን ስምንቱን ምልክት ነው የጻፈው። ስሌቱ ወደ ኋላ አይፈታም፤ ከስምንቱ ምልክት ተነሥቶ ስሙን ማግኘት አይቻልም። የቀረው መንገድ ጋሼ ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ደብዳቤዎች አነበቡ። ስለ ዝንብ ወጥመድ ነው። «ገንዲ» አለች ልጅቷ። ጋሼ አልተቀበሏትም፤ ገንዲ የሚለው ሌላ ፎልደር አለ፣ ይህን ለብቻ ያስቀመጡበት ምክንያት መኖር አለበት። ወደ ታች ወረዱ። ወይጦ፣ ደግሞ ወይጦ፣ ጸማይ፣ የመንገድ ብልሽት፣ እንደገና ወይጦ። ፊታቸው በራ። «ወጥመዶቹን ወይጦ ሸለቆ ስንተክል ነው። ስሙ ወይጦ ነበር። አይ፣ ወይጦ ዝንብ ነበር።»

«ወይጦ ዝንብ ልበለው?» አለች።

«በይው።»

ጻፈችው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ በመጨረሻው ረድፍ ስምንቱን ምልክትና አዲሱን ስም አስገባች፣ ወረቀቱን ኮፒ አድርጋ አንዱን ለጋሼ ሰጠች፣ አንዱን ከውጭ ዲስኩ ጋር አሰረች። ሲ ላይ የቀሩትን አሮጌ ፋይሎች ለጊዜው እንዳይነኩ ተስማማን፤ ጋሼ አዲሱን ቦታ ሠርተውበት እስኪያምኑት ድረስ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይቆያል። ዕቃዬን ስሰበስብ ልጅቷ ከጎን ቢሮ ያለው ኮምፒውተርም ሲው እንደሞላ፣ የሚጠቀሙበትም ሰው እንደ ጋሼ ፎልደሮቻቸውን በአማርኛ እንደሚሰይሙ ነገረችኝ። የፊደሉን ሰንጠረዥ ስልኳ ላይ ጭና፣ ደብተር ይዛ ወደዚያ ሄደች።